ሊቀ ሻንጣ ሽመልስ እና የበረሃው ፖስታ ቤት

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሳይተከል፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኝ አንድ ሰው አለ። የሰው ሻንጣ የሚሸክፍ ሰው ነው። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አልጠራውም። ቲኬት በቆረጣችሁ በሦስተኛው ቀን የእጅ ሚዛኑን ይዞ በራችሁ ላይ ይቆማል። አጣጥፋችሁ ያስቀመጣችሁትን ልብስ አልጋ ላይ ይዘረግፈዋል፣ እንደገና በራሱ መንገድ ያጥፈዋል፣ እናንተ እጃችሁን ስትዘረጉ «ቆዩ፣ አትነካኩብኝ» ይላችኋል። ሻንጣው የእናንተ መሆኑን ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ይወስድባችኋል።

የእኛ የፌርፋክስ ጎዳናው ጋሼ ሽመልስ ናቸው። እኔ በልቤ ሊቀ ሻንጣ ብዬ ማዕረግ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን አልደፍርም። በወጣትነታቸው የምህንድስና ተማሪ ነበሩ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሳንሰር ውስጥ «ከዚህ ክብደት በላይ አይጫንም» የምትል ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች አይደል? ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። ጋሼ ሽመልስ ግን ሠላሳ ዓመት እሷን ሲያነቡ ኖረው፣ በመጨረሻ ሃይማኖታቸው ሆነች።

የሚገኙት ከቅመማ ቅመም ሱቁ ጓሮ፣ ከጤፍ ከረጢቶቹ አጠገብ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ሻንጣውን በሁለት ጣት ብድግ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው «ሃያ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ። አራት መቶውን አውጣ» ይላሉ። ሚዛኑ ላይ ሲሰቀል ሃያ ሦስት ከአራት መቶ ይሆናል። ይኼ ነው እንግዲህ የሚያናድደው፤ ተሳስተው አያውቁም።

ከእሳቸው አፍ የማይጠፉ ሁለት ንግግሮች አሉ። አንደኛው «የጫማ ሆድ ባዶ አይጓዝም» ነው። ጫማ ካያችሁ ውስጡ ካልሲ፣ ካልሲው ውስጥ ቫይታሚን፣ በቫይታሚኑ ዙሪያ ደግሞ የሕፃን ሹራብ ይጠቀጥቃሉ። ሁለተኛው «ተቀባዩ ማነው?» ነው። ሰው የሚልከውን ዕቃ ሲያመጣ ስሙና ስልኩ በማርከር ካልተጻፈበት አይነኩትም። አንድ ጊዜ የሱቁ ባለቤት ለአክስቱ የሚልከውን ይዞ መጥቶ «ሁሉም ያውቃታል፣ ተጓዡ ሰፈር ሲደርስ ይጠይቅ» ቢላቸው ዕቃውን በሁለት እጃቸው መለሱለት። «ተቀባይ የሌለው ዕቃ ዕቃ አይደለም» አሉት፣ «ቆሻሻ ነው።»

ተጓዡ ከሄደ በኋላ ደግሞ የሚያርፉ እንዳይመስላችሁ። ከላኪው ይልቅ የሚጨነቁት እሳቸው ናቸው። ሰማያዊ ደብተር አላቸው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ተመዝግቧል፣ ከጎኑ «ደርሷል» የሚል ቃል እስኪጻፍ ድረስ ያቺ መስመር ክፍት ናት። ይደውላሉ። «አበባ ለእህቷ የላከችው የደም ግፊት መድኃኒት ደርሷል?» ይላሉ። ካልደረሰ ነገም ይደውላሉ። አንድ ጊዜ የአንድ መነጽር ጉዳይ ሰባት ወር ቆይቶ «ደርሷል» ሲባል ሱቁ ውስጥ ቁጭ ካሉበት ተነስተው ቆሙ።

የሚገርመው እሳቸው ራሳቸው በሰው ሻንጣ አንዲት ነገር ልከው አያውቁም። ወሬኛው ሁሉ ቆንቋና ስለሆኑ ነው ይላል። አንድ ቀን እኔም «እርስዎስ፣ ጋሼ፣ የሚልኩት የለም?» ብላቸው «ለማን?» አሉና ዚፑን ዘጉት። ያኔ ዝም ማለት እንደነበረብኝ ትዝ አለኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳቸው ሻንጣ እየሸከፉ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለ ታናሽ ወንድማቸውን፣ ተክለብርሃንን፣ ሊያዩ። ሊሳፈሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው መርዶው መጣ። ለቅሶ ስንደርስ ሻንጣው ከበሩ ጀርባ እንደታሸገ ቆሞ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የትም አልሄዱም፤ የሰው ብቻ ነው የሚሸክፉት።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ግን ላሞግሳቸው አይደለም። በእሳቸው ምክንያት ልጄን ለአራተኛ ጊዜ ላሳዝናት ምን ያህል እንደቀረኝ ልነግራችሁ ነው።

ልጄ ሰብሊ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች። ሥነ ጥበብ ተማረች፤ እንጨትና ብረት እያገጣጠመች ስም የማላወጣለት ነገር ትሠራለች። እስካሁን ሦስት ጊዜ ሥራዋን ለሕዝብ ስታሳይ ሦስቱንም ጊዜ አልተገኘሁም። ፓሳዴና አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፤ አንዴ ተረኛ ነበርኩ፣ አንዴ የታመመች ባልደረባዬን ተካሁ፣ ሦስተኛው ጊዜ ደረስኩ፣ ግን ወንበሮቹን እያጣጠፉ ነበር። ሰብሊ አልተቆጣችም። «ኦኬ ማሚ፣ ፋይን ነው» ነው ያለችው። ሦስቱንም ጊዜ በዚያው ድምፅ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በዚህ ዓመት ደወለች።

«ማሚ፣ ሶ፣ ፌስቲቫሉ ላይ የምሠራውን አፕሩቭ አደረጉት።»

«የት ያለው?»

«በረሃው ላይ ያለው። አርቲስቶች ተሰብስበው ካምፕ የሚያደርጉበት። ፖስታ ቤት ነው የምሠራው።»

ፖስታ ቤቱን ቀስ እያለች አስረዳችኝ። ጠፍ በረሃ መሀል ላይ የቆመ የእንጨት ግድግዳ ነው፤ ሦስት መቶ ሳጥኖች አሉት፣ እያንዳንዱ የጫማ ካርቶን ያክላል። እኔ በነገርኳት መሠረት፣ የድሮ ፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደነበረን፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩን በግዕዝ ጽፋዋለች፤ አማርኛ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ በጣቷ እየተከተለች ነው የምታነበው፣ ቁጥሩን ግን ተለማምዳ ተለማምዳ አሳምራዋለች። ሳጥኖቹ ባለቤት የላቸውም። የፈለገ ሰው አንድ ነገር ያስቀምጣል፣ የፈለገ ከፍቶ ይወስዳል።

«አርብ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚከፈተው» አለች። «የመጀመሪያውን ዕቃ አንቺ እንድትከቺ ነው የምፈልገው። ከፈለግሽ ማለቴ ነው። ሥራ ካለሽ ፋይን ነው።»

ያቺን «ፋይን ነው» ስሰማ «እመጣለሁ» አልኳት። በማግስቱ ሄጄ የአራት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ፤ አለቃዬ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስጠይቅ ሰምታ ስለማታውቅ የታመመ ሰው እንዳለኝ ጠየቀችኝ።

ስህተቴ ከእትዬ አበባ ጋር ቆሜ ማውራቴ ነው። እትዬ አበባ ፓልምስ ሰፈር ጎረቤቴ ናት፤ አንድ ነገር ስትሰማ ከመኪናዋ ቀድሞ ወሬው ፌርፋክስ ይደርሳል። «የፊታችን ሐሙስ በረሃ ልሄድ ነው» አልኳት፤ በቃ ይኼው ነው ያልኩት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ግማሹ ሰው አዜብ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ጫካ ገብታ ልትዋጋ ነው ብሎ ያየኛል፣ ግማሹ ልትመንን ነው ብሎ ያዝንልኛል። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «ስማችን ይጠራ፣ በጸሎትሽ አስቢን» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ ምን ልበል?

ወሬው ተጣርቶ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ለእኛ ሰው መንገድ መንገድ ነው። ሰው ተጓዘ ከተባለ ዕቃ ይላካል፤ ወዴት እንደሚጓዝ በኋላ የሚጠየቅ ነው። እትዬ አበባ የእህቷን መድኃኒት ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ እዚሁ አሜሪካ ነኝ» አልኳት። «አምስት ሰዓት ድራይቭ አድርጌ ነው የምደርሰው።»

«እሺ፣ እዚያ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አታጪም» ብላ መድኃኒቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ጋሼ ሽመልስ የመጡት ረቡዕ ነው። የእጅ ሚዛን፣ ሁለት ጥቅል ፕላስተር፣ ማርከር እና መነጽር ይዘዋል። በሩን ስከፍት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ስንት ሻንጣ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በመኪና ነው የምሄደው። ሻንጣም ላያስፈልገኝ ይችላል።»

«ሁለት» አሉ ወደ ውስጥ እየገቡ፣ «ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት።»

«መኪና እኮ ኪሎ አይቆጥርም።»

ቆም ብለው አዩኝ። «አዜብ፣ ሃያ ሦስት አየር መንገድ ያወጣው እንዳይመስልሽ። የሰው ወገብ ነው ያወጣው።»

ከፌስቲቫሉ የተላከልኝን መመሪያ ጮክ ብለው አነበቡት። እዚያ ምንም ነገር አይሸጥም፣ ምግብም መጠለያም ይዛችሁ ኑ፣ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል ይላል። ውሃው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለዋወጠ። ፈሳሽ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ይፈስሳል። በረሃ ነው ብላቸው «ለዚህ ነው እንዳይፈስ የምልሽ» አሉኝ። በመጨረሻ ሃያ ሊትሩ ውሃ የፊት ወንበር ላይ እንደ ተሳፋሪ ቀበቶ ታስሮ እንዲሄድ ተወሰነ። የተወሰነው ያለ እኔ ነው።

ከዚያ ሰብሊን ስፒከር ላይ አደረግኳት፤ ጋሼ አንድ ጥያቄ አለኝ ስላሉ።

«ሰብሊ፣ ይኼ ፖስታ ቤትሽ» አሉ፣ «ሰው ዕቃ ያስቀምጣል?»

«የስ፣ ጋሼ ሽመልስ።»

«ተቀባዩ ማነው?»

«ማንም። የከፈተው ሰው።»

«ስም የለውም?»

«አንተ አታውቀውም፣ እሱም አያውቅህም። ፖይንቱ እሱ ነው።»

ሰብሊ አንቱ ማለት አልለመደችም፤ እሳቸውም ተዋት ብለው ካለፉ ቆይተዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ሦስት መቶ ሳጥን ሠርተሽ ተቀባይ አላዘጋጀሽም» አሉ፤ አንድ ሰው የሕንፃ ምሰሶ ረስቶ ጣሪያ ሲሠራ እንዳዩ ሁሉ አዘኑ። ከዚያ በኋላ እስኪሄዱ ድረስ ብዙም አልተናገሩም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልነሳ የነበረው ዕቅድ በዚሁ ቀረ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ጓሮ ስንሸክፍ ዋልን። ያመጣሁት የመኝታ ከረጢት ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ የዳቦ ያህል ሆነ። የጫማዬ ሆድ በባትሪ መብራት ሊሞላ ሲል ባትሪው ተያዘብኝ፤ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ አይጫንም፣ በእጅ ነው። የሻንጣዎቹ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ፣ ከሌላ ሰው ሻንጣ ጋር እንዳይምታታ። መኪናዬ ውስጥ ከእኔ ሻንጣ በስተቀር ሌላ እንደማይኖር ነገርኳቸው። «አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ» አሉ። በአራቱም ጎን ስሜና ስልኬ በትልቁ ተጻፈ። ቀጥሎ ሁለቱም በላስቲክ ተጠቀለሉ፣ ስለ አቧራው።

ከመጠቅለሉ በፊት ግን አንዲት ትንሽ ሣጥን ከሻንጣው ጥግ አነሱ። ሆስፒታሉ ሃያ ዓመት ስሞላ የሰጠኝ የእጅ ሰዓት ነው። ፖስታ ቤቱ ውስጥ የምከተው እሱን እንዲሆን አስቤ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ያስቀረኝ ሥራዬ ነው፤ ሰዓቱን ለማላውቀው ሰው ሰጥቼው ልመለስ።

«ምንድነው?»

«ለሰብሊ የምሰጠው ነው። ማለት፣ ለሳጥኑ።»

«ባትሪ አለው?»

«የእጅ ሰዓት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«እኔ የጠየቅኩሽ ባትሪ አለው ወይ ነው።»

ከእጃቸው ወስጄ ቦታው መለስኩት። ሳይከራከሩኝ ወደ ፕላስተራቸው ዞሩ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ሻንጣዎቹ ግን አብረውኝ አልሄዱም፤ ጋሼ እንደሚሉት ሻንጣ ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን ማደር አለበት፣ ክብደቱ እንዲረጋ። እሳቸው ቤት አደሩ። በማግስቱ ልወስዳቸው ተቀጣጠርን። «ሁለት ሰዓት ላይ» አልኳቸው። «ሁለት ሰዓት» አሉ።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እናቶቻችን እንዳስተማሩን ሁለት ሰዓት ላይ፣ በራቸው ላይ ነበርኩ። ጋሼ የሉም። ስልካቸው ዝግ ነው። አርብ አርብ ስልካቸውን ዘግተው ኪዳን ያደርሳሉ፤ አውቃለሁ፣ ግን ቀጠሮ ይዘናል። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ መንገዱ ዳር ቆሜ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ሁለተኛውን ጨመርኩ። በረሃው እስከ አምስት ሰዓት ያስኬዳል፤ መግቢያው በር ላይ ደግሞ እስከ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሰልፍ ይኖራል ተብያለሁ። ሻንጣዎቹን ትቼ ልሂድ አልኩ። ሰዓቱ ትዝ አለኝ። ባዶ እጄን ሄጄ ሰብሊ ፊት ልቆም? «ፋይን ነው» ልትለኝ? መሪውን ይዤ አለቀስኩ፤ ይኼን አልደብቃችሁም። በዚያው ጋሼ ሽመልስን ረገምኩ፤ ይኼንንም አልደብቅም።

ጋሼ ሽመልስ አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነጠላቸውን እንዳጣፉ በእርጋታ መጡ።

«ምነው በጠዋቱ?» አሉኝ።

«ሁለት ሰዓት አልተባባልንም?»

«አዎ፣ ሁለት ሰዓት። ከሰዓት በኋላ።» ፊቴን ሲያዩ ትንሽ ደነገጡ። «አዜብ፣ የመንገድ ጉዳይ ሲሆን የፈረንጅ ሰዓት ነው። አርባ ዓመት እዚህ ኖረሽ?»

ሻንጣዎቹን ጫኑልኝ። ጎማውን ነካክተው፣ የውሃውን ቀበቶ አጥብቀው፣ መስኮቱ ጋ መጥተው «ስትደርሺ ደውይ» አሉ። መስኮቱን ዘጋሁት።

እንዴት እንደነዳሁ አልነግራችሁም፣ ፖሊስ አንባቢ ሊኖር ይችላል። በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ አቧራው መኪናዬን ከነምናምኗ አንድ ቀለም አደረጋት። ወደ ውስጥ ስገባ ለጀምበር መጥለቅ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። ሜዳው ማለቂያ የለውም፤ ከሩቅ ግድግዳው ብቻውን ቆሞ ይታያል፣ ከፊቱ ሠላሳ አርባ ሰው ተሰብስቧል። ሰብሊ መኪናዬን አየች። አልሮጠችም፣ ቆማ ብቻ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንደማልመጣ አስባ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አቅፌያት ስጨርስ ሻንጣዬን አወረድኩ። ላስቲኩን በጥርሴ ጭምር ቀደድኩት። ትንሿን ሣጥን አገኘኋት፣ ከፈትኳት፣ ባዶ ናት። ሰዓቱ የለም። በምትኩ የተጣጠፈች ወረቀት ነበረች፤ በማርከር «ባትሪ አይጫንም» ይላል።

የተናገርኩትን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ሰብሊ አማርኛዋ ደካማ በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች፣ እኔ አፈር ላይ ተንበርክኬ የመኝታ ከረጢትና የደረቀ ምግብ እበትናለሁ፣ የሊቀ ሻንጣውን ዘር ማንዘር እየጠራሁ።

«ማሚ፣ ይሄስ ምንድነው?» አለች ሰብሊ።

ከሻንጣው ሥር፣ እኔ ያላስገባሁት፣ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥታለች። በአራቱም በኩል በፕላስተር ታሽጓል። ላዩ ላይ ጽሑፍ አለ። ሰብሊ ጣቷን እያስኬደች ማንበብ ጀመረች።

«ተ-ቀ-ባ-ይ» አለች። «ተቀባይ፣ አርባ ሁለት ቁጥር... የሚያደርግ... ሰው።» ወደ ታች ወረደች። «ስልክ፣» አለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ስልኩ ባዶ ነው፣ ማሚ።»

ወረቀቱን ፈታሁት። ጥቁር የወንድ የቆዳ ጫማ ነው፣ ማሰሪያ ያለው፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተደረገ፤ የሶሉ ቀለም ገና ያብለጨልጫል። ከጫማው ጋር ከደብተር የተቀደደ፣ ብዙ ጊዜ ታጥፎ የተዘረጋ ወረቀት አለ። በእርሳስ ዙሪያው የተነደፈ የቀኝ እግር ነው፣ አገር ቤት ያለ ሰው ጫማ እንዲገዛለት የእግሩን ልክ እንደሚልከው። ከእግሩ መሀል ላይ እንዲህ ተጽፏል፤ «ሽሜ፣ ጣቱ ጋ ትንሽ ሰፋ ይበል። ተክሌ።»

ስድቡ ሁሉ አፌ ላይ ቀረ። ከበሩ ጀርባ ቆሞ ያየሁት ሻንጣ ውስጥ የነበረው ይኼ ነው። ተቀባዩ የሞተበትን ዕቃ፣ ተቀባይ ሳያገኙለት አሥራ አንድ ዓመት አስቀምጠውት ኖረዋል።

«ጋሼ ሽመልስ የማን ጫማ ነው የላከው?» አለች ሰብሊ።

«የወንድሙ» አልኩ፤ እኔም አንቱታው ጠፋብኝ።

እግሩ የተነደፈበትን ወረቀት አጥፌ በቦርሳዬ አስገባሁ፤ እሱ መመለስ አለበት። ከዚያ ጫማውን ሳነሳ አንድ ነገር ውስጡ ተንቀሳቀሰ። መቼም የጫማ ሆድ ባዶ አይጓዝም። በቀኙ ውስጥ አዲስ ጥቁር ካልሲ ተጠቅልሏል፤ በግራው ውስጥ ደግሞ ሰዓቴ። ባትሪው ተነቅሎ ወጥቷል፣ ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ቆሟል።

የመጀመሪያው ዕቃ ስለዚህ የእኔ አልሆነም። ሰብሊ ምንም ሳልጠይቃት ፵፪ የሚለውን ሳጥን ከፈተችልኝ፣ ጫማውን ከነካልሲው አስቀመጥኩ። የቆመውን ሰዓት ደግሞ ከጎኑ ባለው ከተትኩት። ፀሐይዋ ጠለቀች። ሰዉ አጨበጨበ፤ ሰብሊ ግን እጄን ይዛ እያየችኝ ነበር። «መጣሽ» አለችኝ፣ በአማርኛ። ያቺን ሌላዋን ቃል አልተናገረችም።

በማግስቱ ጠዋት ፵፪ ባዶ ነበር። እሁድ ዕለት ተቀባዩን አየሁት። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ረጅም ነጭ ቀሚስ የለበሰ ፈረንጅ በዚያ አቧራ መሀል በሚያብለጨልጭ ጥቁር የቆዳ ጫማ ይራመዳል። ካልሲውን ትቶ በባዶ እግሩ ነው ያደረገው። ተከትዬው እየሄድኩ አረማመዱን አየሁት፤ አያነክስም።

በረሃው ላይ ስልክ አይሠራም። ሰኞ ስመለስ መጀመሪያ ያገኘሁት ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሜ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሱት።

«አቤት።»

«ጋሼ፣ ደርሷል» አልኩ።

ከኋላቸው የሱቁ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል።

«ሰው ነው የወሰደው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰው ነው። አይቼዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«እንግዲህ... ጢሙ ረጅም ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሷል።»

«ቄስ ነው?»

«አይ፣ ቄስ እንኳ አይመስለኝም።»

«ካልሲ አድርጓል?»

«አዎ» አልኩ።

«ጣቱ ጋስ?»

«ሰፋ ብሎታል፣ ጋሼ። ተመችቶታል።»

ደብተሩ ሲገለጥ ሰማሁ። እስክሪብቶ እየፈለጉ መሆን አለበት፤ መሳቢያ ተከፈተ፣ አንድ ነገር ወደቀ።

«ቅድም ያልሽውን» አሉ፣ «እስቲ ድገሚልኝ።»

«ደርሷል፣ ጋሼ።»